ጎመን በቀጥታ ከገበሬ የት ይገዛል?

ሰላም ቤተሰብ፣ ለገጣፎ ነኝ፣ ጎመንና ቆስጣ ከደላላ ሳይሆን ከራሱ ካመረተው ሰው መግዛት ፈልጌ ነበር ብሩም ለሱ እንዲደርስ፣ ግን አትክልቱ የሚጠጣው ውሃ ያሳስበኛል፣ የት ልሂድ?

መልስ፦ የእሁድ ገበያ ሞክሪ እህቴ፣ እዛም ግን ነጋዴ ስላለ ጠይቂ። የአቃቂን ወንዝ ብቻ ራቂ፣ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ስለሚገባበት ቅጠላ ቅጠሉ እንደ እርሳስ ያለ ከባድ ብረት ይስባል፣ ማጠብ ደግሞ ውስጡ የገባውን አያወጣም።

መልስ፦ እኔ ሱሉልታ አመርታለሁ፣ የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ፍግና ኮምፖስት እንጂ ዩሪያማ በዚህ ዋጋ ማን ይችላል። ኅዳር አካባቢ ውርጩ ድንቹን ይጨርሰዋል፣ ጎመን ግን ይቋቋማል። ጎረቤት ሰብስበሽ አንድ ላይ ብታዙ አመጣለሁ፣ ለአንድ እስር ግን ትራንስፖርቱ አያዋጣኝም 😀

ጠያቂዋ፦ የኮንዶሚኒየሙን ሰው ላነጋግርና ኢንቦክስ አደርግልሃለሁ፣ ቆስጣም አለህ አይደል?