ቦሌ ላይ በአይ ኤል ኤስ ሳርፍ ሁልጊዜ ከመውረጃው መስመር በላይ የምገኘው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከ«አዲስ ተማሪ»

ጤና ይስጥልኝ። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርን በቤቴ ኮምፒዩተር ላይ ከጫንሁ አምስት ወር ሆኖኛል። ሰማዩ ብራ ሲሆን መንደርደሪያውን በዓይን እያየሁ ማረፉን ስለለመድሁት፣ አሁን በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ ማረፍን፣ ማለትም አይ ኤል ኤስ የሚባለውን አቀራረብ፣ ለመማር ተነሥቻለሁ። የማበረው አውሮፕላን ጋርሚን ጂ1000 የተባለ የበረራ መሣሪያ ስክሪን የተገጠመለት ሴስና 172 ነው።

ለንደን ሂትሮው ላይ በእጄ እያበረርሁ ስሞክር ነገሩ መልካም ይሆንልኛል። ፍጥነቴን 90 ኖት ላይ አድርጌ፣ ከመጽሐፍ እንደተማርሁት ፍጥነቱን በ5 አባዝቼ በደቂቃ 450 ጫማ ስወርድ፣ የግላይድ ስሎፑ (የመውረጃው መስመር) ምልክት ከመሐል ብዙም ሳይርቅ እስከ መንደርደሪያው ያደርሰኛል። ቦሌ ላይ ግን ያንኑ 90 ኖትና ያንኑ 450 ጫማ ይዤ እያለሁ ምልክቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሸሸኝና መጨረሻ ላይ ከመንደርደሪያው በላይ አልፌ እሄዳለሁ። ተስፋ ቆርጬ ለኦቶፓይለቱ (አውሮፕላኑን በራሱ ለሚመራው መሣሪያ) ስሰጠው ደግሞ ሎካላይዘሩን፣ ማለትም ግራና ቀኝ የሚመራውን መስመር፣ በሚገባ ይይዛል፤ መውረድን ግን ጨርሶ አያስበውም። የእንጦጦን ተራራ ስለምፈራ ከምሥራቅ በኩል በ11,000 ጫማ ከፍታ መጥቼ፣ 6 ማይል ሲቀረኝ ከመስመሩ ጋር ከተገናኘሁ በኋላ «ናቭ» የሚለውን ቁልፍ እጫናለሁ። በተጨማሪም የሎካላይዘሩን መርፌ በእጄ ስከተል አውሮፕላኑ ግራና ቀኝ ይዋዥቃል፤ በተለይ ወደ ሜዳው ስቃረብ ይብስበታል። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ከ«ጓዳ አብራሪ»

ጠያቂያችን ሁኔታውን በቁጥር ስላስቀመጡልን መልሱ አይከብድም። በመጀመሪያ የኦቶፓይለቱን ጉዳይ እናንሣ። «ናቭ» የሚለው ቁልፍ አውሮፕላኑን በግራና በቀኝ ብቻ እንዲመራ የሚያዝ ነው፤ ከፍታውን አይነካም። ግላይድ ስሎፑንም አብሮ እንዲይዝ የሚያዘው «ኤ ፒ አር» የሚለው ቁልፍ ነው። ይህን ከተጫኑ በኋላ በስክሪኑ አናት ላይ «ጂ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ መጀመሪያ በነጭ ይታያል፤ ይህም ማለት ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። መስመሩን ሲይዝ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ነጩን ሳያዩ መስመሩ ላይ ከደረሱ አንድ ነገር ረስተዋል።

ሁለተኛው ችግር ከፍታዎ ነው። የተለመደው የ3 ዲግሪ መውረጃ በአንድ የባሕር ማይል 318 ጫማ ያህል ይወርዳል። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከመንደርደሪያው መግቢያ 6 ማይል ርቀት ላይ መስመሩ ያለው 9,500 ጫማ ገደማ ላይ ነው። እርስዎ በዚያ ቦታ 11,000 ላይ ነዎት፤ ስለዚህ ከመስመሩ በ1,500 ጫማ ከፍ ብለው አልፈውታል ማለት ነው። ኦቶፓይለቱ ደግሞ መስመሩን ከታች ሆኖ እንዲጠብቅና ወደ እርሱ ሲወርድለት እንዲይዘው የተሠራ ነው። በ11,000 ጫማ መቆየት ከፈለጉ መስመሩ የሚያገኝዎ ከ10 ማይል ተኩል ጀምሮ ነውና፣ 13 ማይል ያህል ርቀው ሎካላይዘሩን ይያዙ፤ ተረጋግተው ይጠብቁት። ከዚያ ቀርበው መግባት ቢፈልጉ ግን በቻርቱ (በአቀራረቡ ካርታ) ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ከፍታ አይተው በዚያው ልክ ቀድመው ይውረዱ። እንጦጦ ከሜዳው በስተሰሜን ስለሆነ፣ በምሥራቅ በኩል ቻርቱን ጠብቆ የሚመጣን ሰው አያስፈራውም።

ከላይ እየጠለቁ መስመሩን ለመያዝ መሞከር በሲሙሌተር ውስጥ የሚያስከትለው ቢበዛ ኀፍረት ነው፤ በእውነተኛው ዓለም ግን ከ3 ዲግሪው በላይ፣ 9 ዲግሪ አካባቢ፣ ሐሰተኛ የመውረጃ መስመር ሊያጋጥም ስለሚችል አብራሪዎች ከታች መግባትን አጥብቀው ይማራሉ። ልማዱን ከአሁኑ ቢይዙት ይጠቅምዎታል።

መልስ፦ ከ«ስምንት ሺህ ጫማ»

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ቢሆንም፣ በእጅ ሲያበርሩ ምልክቱ ለምን እንደሚሸሽዎ አይመልስም። ምክንያቱ ከፍታው ነው፤ እኔም አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በ5 ማባዛት የሚሠራው በፍጥነት መለኪያው ላይ በሚነበበው ፍጥነት ሳይሆን አውሮፕላኑ መሬትን በሚያቋርጥበት ፍጥነት ነው። ለንደን ሜዳው ከባሕር ወለል 83 ጫማ ብቻ ከፍ ስለሚል ነፋስ ከሌለ ሁለቱ ቁጥሮች አይራራቁም። ቦሌ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ፣ መለኪያው 90 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት፣ በተለይ ፀሐይ በበረታበት ቀን፣ 105 ኖት ገደማ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የ3 ዲግሪውን መስመር ለመከተል በደቂቃ 550 ጫማ ያህል መውረድ ያስፈልጋል። በ450 ከወረዱ በየደቂቃው መቶ ጫማ ያህል ይጎድልዎታል፤ የመጨረሻውን 5 ማይል ለመጨረስ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ መንደርደሪያው ላይ ሲደርሱ ወደ 300 ጫማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። የነገሩንም ይህንኑ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጂ1000 የመሬት ፍጥነትን ራሱ ይጽፍልዎታልና ያንን ቁጥር በ5 ያባዙ፤ ትንሽ ጨመር ቢያደርጉበትም አይጎዳም።

የመለኪያውን ፍጥነት ግን አይቀንሱ። «ፍጥነቴ በዛ» ብለው 75 ላይ ቢያወርዱት ክንፉ የሚያውቀው የመለኪያውን ቁጥር ነውና ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ወደሚያቅተው ፍጥነት ይበልጥ ይቀርባሉ።

ሌሎች ሁለት ነገሮች በአጭሩ ልጨምር። የመጀመሪያው የነዳጅና የአየር ድብልቁ ነው፤ ቀይዋን ዘንግ እስከ መጨረሻ ገፍተው ቦሌ ላይ ካበረሩ ሞተሩ በነዳጅ ስለሚታፈን ኃይሉ ይቀንሳል፤ ዘንጓን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ሞተሩ የተሻለ የሚዞርበትን ቦታ ይፈልጉ። ሁለተኛው የውሳኔ ከፍታ ነው፤ ይህም መንደርደሪያው ካልታየ መውረዱን ትቶ መነሣት የሚገባበት ከፍታ ነው። በተለመደው ምድብ አንድ አቀራረብ ውሳኔው የሚሰጠው ከመንደርደሪያው በላይ 200 ጫማ ላይ ነው ሲባል፣ የእርስዎ ከፍታ መለኪያ 200 ያሳያል ማለት አይደለም፤ ቦሌ ላይ 7,800 አልፎ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ትክክለኛው በቻርቱ ግርጌ ተጽፏል። የደመናውን ከፍታ ሲያስተካክሉም ሲሙሌተሩ ከባሕር ወለል ይቁጠር ከመሬት ያረጋግጡ። እኔ በአንድ ወቅት ደመናውን 800 ጫማ ላይ አድርጌ፣ ቦሌ ላይ ጥርት ያለ ሰማይ አግኝቼ፣ ፕሮግራሙ ተበላሸ ብዬ እንደገና ጭኜዋለሁ።

መልስ፦ ከ«የሬዲዮ ሰው»

ሙያዬ የሬዲዮ መሣሪያዎች ጥገና ስለሆነ የመርፌውን መዋዠቅ በተመለከተ ጥቂት ልበል። ሎካላይዘሩ ሁለት የተደራረቡ ጨረሮችን ይልካል፤ አንዱ በ90 ኸርዝ፣ ሌላው በ150 ኸርዝ የተቃኘ ነው። እየቀረበ ላለ አውሮፕላን በስተግራ በኩል የ90ው፣ በስተቀኝ የ150ው ድምፅ ይበረታል፤ ሁለቱ እኩል በሚሆኑበት መርፌው መሐል ይቆማል። ግላይድ ስሎፑም በተመሳሳይ ከላይ 90ን፣ ከታች 150ን ያበረታል። እንግዲህ መርፌው የሚለካው በሜትር ሳይሆን በማዕዘን ነው፤ ማዕዘን ደግሞ ወደ ምንጩ ሲቀርቡ ይጠባል። የግላይድ ስሎፑ ምልክት ከመሐል እስከ ጫፍ የሚሄደው በ0.7 ዲግሪ ያህል ልዩነት ነው፤ ይህም 5 ማይል ላይ 370 ጫማ፣ አንድ ማይል ላይ ግን 75 ጫማ ብቻ ነው። ሎካላይዘሩም መንደርደሪያው መግቢያ ላይ መርፌው ጫፍ እስኪደርስ ያለው ስፋት በየጎኑ ወደ 105 ሜትር እንዲሆን ይስተካከላል። ስለዚህ ሩቅ ሳሉ የሚበቃው እርማት ቅርብ ሲሆኑ ከመጠን ያለፈ ይሆናል። እጅዎ አልተበላሸም፤ መሣሪያው ነው እየጠበበ የሄደው።

ፍሪኩዌንሲውን ሲያስገቡ አንዱን ብቻ ያስገባሉ፤ የሎካላይዘሩ ቁጥር ከ108.10 እስከ 111.95 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን፣ የግላይድ ስሎፑ ከእርሱ ጋር ተጣምሮ ራሱ ይመጣል። ቁጥሩ በተጠባባቂው ሳይሆን በሚሠራው መስኮት ውስጥ መሆኑን ይመልከቱ፤ የሞርስ መለያውንም ያዳምጡ። ሂትሮው ላይ የ27 ግራ መንደርደሪያ 109.50 ሲሆን መለያው «አይ ኤል ኤል» ነው፤ በዚያው መንደርደሪያ ተቃራኒ ጫፍ ያለው አቀራረብም ያንኑ 109.50 ይጠቀማል፤ የሚለያቸው መለያው ብቻ ነው። ጠቋሚው በሐምራዊ ቀለም ከታየ ደግሞ እየተከተሉ ያሉት ጂ ፒ ኤስን ነው፤ «ሲ ዲ አይ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው አረንጓዴ ያድርጉት።

መልስ፦ ከ«ዳመና ሰንጣቂ»

በአንድ ነገር ከጓዳ አብራሪ ጋር አልስማማም። ጠያቂው ኦቶፓይለቱን ለጊዜው ቢረሱት ይሻላል እላለሁ፤ ቁልፍ መጫንን የተማረ ሰው አቀራረቡን ተማረ ማለት አይደለምና።

መርፌውን አይከተሉ፤ የሚከተሉት የራስዎን አቅጣጫ ይሁን። የመጨረሻው ኮርስ 250 ነው ቢባል፣ በ250 ላይ ጸንተው መርፌው ወዴት እንደሚሄድና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ወደ ቀኝ ከሄደ 255 ላይ አዙረው ይጠብቁ፤ መርፌው መመለስ ሲጀምር ግማሹን ብቻ፣ 252 ወይም 253 ላይ፣ ያስቀሩ። ነፋሱን ያሸነፈልዎ ቁጥር ያ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ማይሎች ላይ ከሁለትና ከሦስት ዲግሪ በላይ አያርሙ። ከፍታውንም እንዲሁ፦ ከግላይድ ስሎፑ ጋር ከመገናኘትዎ በፊት 90 ኖት፣ ፍላፕ (የክንፉ ተዘርጊ ክፍል) 10፣ ትሪሙ (የመሪውን ጫና የሚያቀልለው) የተስተካከለ ሆኖ እጅዎን ቢለቁት የሚሄድ አውሮፕላን ይኑርዎት፤ ምልክቱ መሐል ሲደርስ ጋዙን ብቻ ቀንሰው ያስወርዱት። ይህን ሁሉ መስመሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ለማድረግ የሚሞክር ሰው ነው መርፌ ሲያባርር የሚውለው።

መልስ፦ ከ«ጓዳ አብራሪ»

የዳመና ሰንጣቂን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ሆኖም ኦቶፓይለቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያደርገው ተቀምጦ ማየት፣ መርፌዎቹ ትክክለኛ በሆነ አቀራረብ ላይ ምን እንደሚመስሉ ለዓይን ያስለምዳል። ከዚያ በኋላ በእጅ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከ«አዲስ ተማሪ»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ 13 ማይል ርቄ ገብቼ፣ «ኤ ፒ አር»ን ተጭኜ፣ ነጩ ጽሑፍ አረንጓዴ ሲሆን በዓይኔ አየሁት። ከዚያም በእጄ ስሞክር የመሬት ፍጥነቴ 104 ይል ነበርና በደቂቃ 540 ጫማ ያህል ወርጄ እስከ መጨረሻው መስመሩ ላይ ቆየሁ። አሁን የቀረኝ አንድ ነው፦ ከደመናው ስወጣ ሁለቱም መርፌዎች መሐል ላይ ሆነው ሳለ፣ መንደርደሪያው ፊት ለፊቴ ሳይሆን በስተግራዬ ታየኝ። ደንግጬ ወደ ግራ ስታጠፍ መስመሩን ለቀቅሁ።

መልስ፦ ከ«ዳመና ሰንጣቂ»

ነፋሱ ከቀኝ ነበር ማለት ነው። መስመሩ ላይ ለመቆየት አፍንጫዎ ወደ ቀኝ ዞሮ ስለነበር፣ ቀጥታ የሚሄዱበት መንደርደሪያ ከአፍንጫው በስተግራ መታየቱ ትክክል ነው። ወደ ውሳኔው ከፍታ ሲቃረቡ «ነፋሱን ለማሸነፍ ስንት ዲግሪ ወደ ቀኝ ይዣለሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ፤ 6 ከሆነ መንደርደሪያውን በመስታወቱ ላይ 6 ዲግሪ ወደ ግራ ይፈልጉት። ሲያዩትም አይታጠፉ፤ ይዘውት የመጡትን አቅጣጫና አወራረድ እንዳለ ይቀጥሉ፤ አፍንጫውን በፔዳል የሚያስተካክሉት መሬት ሊነኩ ሲቃረቡ ነው። አፍንጫውንም ወደ ሜዳው አይድፉ፤ ብዙ ጀማሪ መንደርደሪያውን ሲያይ ሳያውቀው ከመስመሩ በታች ይወርዳል።

መልስ፦ ከ«ስምንት ሺህ ጫማ»

በውሳኔው ከፍታ ምንም ካልታየዎት ደግሞ ሙሉ ጋዝ ሰጥተው ወዲያውኑ ይነሡ። ለንደን ላይ እንደለመዱት አውሮፕላኑ ተወንጭፎ አይወጣልዎትም፤ ባሕር ወለል ላይ በደቂቃ 700 ጫማ የሚወጣው ሴስና በቦሌ ከፍታ ግማሹን ያህል ቢወጣ ነው። ስለዚህ ድብልቁ አስቀድሞ የተስተካከለ ይሁን፤ ፍላፑን ቀስ ብለው ይሰብስቡ፤ የመመለሻውንም መንገድ ከመውረድዎ በፊት ከቻርቱ አንብበው ይያዙት፤ ደመና ውስጥ እየወጡ ቻርት መፈለግ አይቻልምና።