ላሚኔት ለእማዬ ሳሎን፦ ሊሾው ላይ እንዳለ ይነጠፋል?

የቀሃዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ያለውን የእማዬን ቤት እያደስኩ ነው። ፎቅ የለውም፣ መሬት ላይ ያረፈ የድሮ ቤት ነው። ወለሉ ሊሾ ነው። እስካሁን ፕላስቲክ ምንጣፍ እየቀያየርን ኖርን፣ አሁን ግን ሰለቸኝ፣ ላሚኔት የሚሉትን እንጨት መሳይ ጣውላ ላስነጥፍላት ነው። ሳሎኑ 4.20 በ3.60 ነው። ጥምቀት ላይ ከአዲስም ከባሕር ዳርም የሚመጣው ዘመድ ሁሉ የሚያርፈው እኛ ጋ ስለሆነ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

ሱቅ ስዞር ሁሉም የሚያወራኝ ስለ ውፍረት ነው። 8 ሚሊ፣ 12 ሚሊ፣ በወፈረ ቁጥር ዋጋው ይሰቀላል። አንዱማ ላዩ ላይ ውሃ አፈሰሰና በእጁ ጠረግ አድርጎ «ይኸው፣ ውሃ አይነካውም» አለኝ።

ስንት ሚሊ ልግዛ? ሊሾው ሁለት ቦታ ጎድጎድ ብሏል፣ እንዳለ ይነጠፍበታል? ደግሞ እማዬ ያለ ቄጠማ ቡና አታፈላም። እሱን አስቀሪ ብላችሁ እንዳትመክሩኝ፣ አይሆንም።

መጋዝ ያዥ፦

እህትዓለም፣ ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ልንገርሽ። ሰውዬው አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። የላዩ ሽፋን ውሃ አያስገባም። ችግሩ ጠርዙ ነው። ውስጡ ደቅቆ በሙጫ የታመቀ እንጨት ነው፣ ኤችዲኤፍ የሚሉት። እስቲ ቁራጭ ለምኚውና ኩባያ ውሃ ውስጥ አቁመሽ አሳድሪው፣ ጠዋት ከደረቀው ጋር አስተያዪው። ማን ምን እንደሆነ እሱ ይነግርሻል።

ሚሊውን ትተሽ መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ኤሲ የሚለውን ቁጥር ፈልጊ። ላዩ መረገጥና መፋቅ ምን ያህል እንደሚችል የሚናገረው እሱ ነው። ለመኖሪያ ቤት ኤሲ 3 ይበቃል፣ እንደናንተ እንግዳ የማይጠፋበት ሳሎን ከሆነ ኤሲ 4 ይሻላል። ውፍረት ሲረገጥ ጠንከር እንዲል ያደርገዋል እንጂ ከጭረት አያድነውም። ኤሲ 4 የሆነ 8 ሚሊ ካገኘሽ እኔ ብሆን ቁጥሩ ካልተጻፈበት 12 ሚሊ እሱን እወስዳለሁ።

ሳሎንሽ 15 ካሬ ከምናምን ነው። ለሚቆራረጠው 10 በመቶ ጨምሪበት፣ ወደ 16.6 ይሆናል። ካርቶኑ 2.4 ካሬ የሚሸፍን ከሆነ 7 ካርቶን ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ግዢ፣ በኋላ ስትመለሺ ቀለሙ ላይገጥም ይችላል።

ጎድጓዳውን ሳትሞዪ እንዳትነጥፊ። ቀጥ ያለ የ2 ሜትር አልሙኒየም ወለሉ ላይ አጋድመሽ ከስሩ ከ3 ሚሊ በላይ ክፍተት ካየሽ ይሞላ። አለዚያ ሰው በረገጠው ቁጥር የጣውላው መገጣጠሚያ፣ ወንዴና ሴቴው፣ ሲወዛወዝ ይከርምና አንድ ቀን ቀጭ ይላል። ይለሰልሳል ብለሽ ከጣውላው ስር የሚነጠፈውን ፎም መደረብም ያው ነው፣ አንድ ፎም ብቻ። የሞላሽው ሲሚንቶ ደግሞ ይድረቅ። ለ1 ሳንቲ ውፍረት 1 ሳምንት ያህል አስቢ፣ ጥምቀት ደረሰ ብለሽ አትቸኩዪ።

አራዳ ነኝ፦

እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ። ያመጣሁት ሰው ፈጣን ነበር፣ በግማሽ ቀን ጨርሶ ሄደ። ሳሎኑ መስታወት መሰለ፣ እኔም ጎረቤት እየጠራሁ አሳየሁ። ሐምሌ ሲገባ ግን መሃሉ እንደ ግመል ሻኛ ተነሳ! ስትረግጪው ጧ ይላል። ዞኮሎውን፣ ግድግዳው ስር ዙሪያውን የሚመታውን ጠርዝ፣ ስናወልቅ ጣውላው ግድግዳው ላይ ጥብቅ ብሎ ተቀርቅሯል፣ ጥፍር እንኳ አያስገባም። በእርጥበት ሲሰፋ መሄጃ አጣና ወደ ላይ ተነሳ። ዙሪያውን 1 ሳንቲ ያህል ክፍት መተው ነበረበት፣ ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነው ነበር። ሰውዬው ስደውልለት «ቤትሽ ነው ችግሩ» አለኝ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩም አልተነሳ።

ስለዚህ ሲሠራ አጠገቡ ቁሚ። በግድግዳውና በጣውላው መሃል ሽብልቅ ሲያስገባ ካላየሽ አስቁሚው። ዞኮሎው የሚመታው ግድግዳው ላይ እንጂ ጣውላው ላይ አይደለም። ካርቶኖቹም ሳይከፈቱ ሳሎኑ ውስጥ ተጋድመው 48 ሰዓት ይቆዩ፣ የቤቱን አየር ይልመዱ።

ለቄጠማው መላ አለው። ያ የሚጣለው ፕላስቲክ ምንጣፍ አይጣል፣ አንድ ቁራጭ ቆርጠሽ ከቄጠማው ስር አንጥፊ። ቄጠማው እርጥብ ነው፣ ካደረ መገጣጠሚያውን ይነፋዋል። ማታውኑ ይጠረግ። የከሰል ምድጃውን ደግሞ ሰፋ ያለ ትሪ ላይ አድርጉት፣ አንድ ፍም ከወደቀ ጥቁር ነጥቡ አይለቅም። እናቴ ሁለት አላት፣ ሶፋውን አዙረን ሸፍነናቸዋል 😄

ጀሪካንም እንዳትረሱ። ቧንቧ ሲጠፋ ሳሎን ጥግ የሚደረደረው ጀሪካን ከስሩ ያልባል።

ሊሾ ምን አለው፦

ሁላችሁም ከላይ ስለሚፈሰው ውሃ ታወራላችሁ። ቤቱ ቀሃ ነው፣ መሬት ላይ ነው፣ እኔ የምፈራው ከስር የሚመጣውን ነው። ምንጣፉን አንሺና ሜትር በሜትር የሆነ ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግተሽ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊ፣ ሦስት ቀን ይቆይ። ስሩ ካላበ ወይ ሊሾው ከጠቆረ ላሚኔቱን እርሺው። ደረቅ ቢሆንም ከፎሙ ስር ላስቲክ ይነጠፍ፣ ጠርዝ ለጠርዝ 20 ሳንቲ ተደራርቦ በፕላስተር ይያዝ።

ደግሞ አሁን ኅዳር ነው፣ በኅዳር ያልደረቀ መቼ ሊደርቅ ነው። ነሐሴ ላይ ወለሉ ምን እንደሚመስል እናትሽን ጠይቂያቸው። እርጥበት ካለ ወይ ሴራሚክ ነው ወይ ኤስፒሲ የሚሉት፣ እሱ ውስጡ ድንጋይና ፕላስቲክ ስለሆነ አያብጥም። ግን ወለሉ መስተካከሉ ለሱም አይቀርም።

የቀሃዋ፦

ተመለስኩ። ቁራጩን ኩባያ ውስጥ አሳድሬው ነበር፣ ጠዋት ጠርዙ እንደ ረጠበ ዳቦ ተነፍቷል። ላስቲኩን ሁለት ቦታ ነው ያደረግኩት። የመሃሉ ደረቅ ነው። የጓዳው ጥግ ግን ጠቁሯል፣ ላስቲኩን ሳነሳው ጠብታ አለው። እማዬን ብጠይቃት «እሱማ ሁልጊዜ ክረምት ያልበዋል፣ ለዚህ አይደል ቁም ሳጥኑን ከዚያ ያነሳሁት» አለችኝ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሳትነግረኝ!

ወጥቼ ከውጭ በኩል አየሁት። የአሸንዳው መውረጃ ተሰብሮ ውሃው ልክ እዚያ ጥግ ግድግዳው ስር ነው የሚወርደው፣ መሬቱ ተቦርቡሯል። እና አሸንዳው ይቀድማል። ለጥምቀት አዲስ ፕላስቲክ ምንጣፍ ገዛሁ፣ ላሚኔቱ ክረምቱን አይተን ለሚቀጥለው።

መጋዝ ያዥ፦

ጎበዝ። ከአሸንዳው ሥራ በኋላ ያንን ጥግ እንደገና በላስቲክ ሞክሪው፣ ነሐሴ ላይ።