ወንድሜ ኮኬይን እንደሚወስድ ለሐኪሙ እንዲናገር እንዴት ላሳምነው?

ታላቅ ወንድሜ 36 ዓመቱ ነው። ኮኬይን በአፍንጫው መሳብ ከጀመረ ቆይቷል፤ ብዙውን ጊዜ ከመጠጥ ጋር ነው የሚወስደው። ሁለቱ ሲገናኙ ጉበት ውስጥ ኮካኢትሊን የሚባል፣ ልብን ይበልጥ የሚጎዳ ነገር እንደሚፈጠር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አፍንጫው ይደማል፣ ከስቷል፣ ሌሊቱን ሲንቆራጠጥ ያድራል። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ግን በቅርቡ የጀመረው የደረት ሕመም ነው፤ ጭምቅ አድርጎ ይይዘውና ወደ ግራ ክንዱ ይወርዳል።

ለምኜ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የልብ ምርመራው ደህና ነው ተባለ፤ ስለ ኮኬይኑ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ኮኬይን የልብን ደም ሥር ድንገት እንደሚያጠብ፣ ጤነኛ የሚመስል ወጣት ላይም ሃርት አታክ እንደሚያመጣ፣ ሐኪሙ ሳያውቅ የሚያዝለት መድኃኒት ራሱ ሊጎዳው እንደሚችል ነግሬዋለሁ። «ከሰማ ለፖሊስ ይነግርብኛል» ይለኛል። ስቆጣው ስልኩን ያጠፋል።

ለሄሮይን ሱስ ሜታዶን የሚባል መድኃኒት ቢኖርም ለኮኬይን ሱስ የጸደቀ መድኃኒት እንደሌለ፣ ዋናው ሕክምና የምክርና የባህሪ ሕክምና እንደሆነ አውቃለሁ። እሱን ቀስ ብለን እንደርስበታለን፤ አሁን የቸኮልኩት ለልቡ ነው።

በዚህ ያለፋችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ፣ ምን ብለው፣ በማንስ በኩል ብነግረው ነው ለሐኪሙ እውነቱን የሚናገረው?