የሠራሁት ራስፕቤሪ ፓይ ማጫወቻ ይቆራረጣል፣ እምምም ይላል፣ አሁን ደግሞ አልነሳም አለ

የሂርማታዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። አባቴ የተወልኝ 140 ገደማ ካሴት አለ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ደንበኛ ሲያስቀርብኝ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ወደ ላፕቶፕ ቀዳኋቸው። ሁሉም በዋቭ ነው፣ ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት ፋይል።

ከዚያ ራስፕቤሪ ፓይ 3 የሚባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ገዛሁ። የአክስቴ ልጅ ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ላይት የሚባለውን ሲስተም እና ኤምፒዲ የሚባለውን የዘፈን ማጫወቻ ፕሮግራም ጫነልኝ። ዘፈኖቹ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው፣ ሲስተሙ 64 ጊጋ ሚሞሪ ላይ ነው። ድምፁ ከፓይው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ አባቴ የድሮ አምፕሊፋየር ይገባል። ዘፈን የምመርጠው በስልኬ ነው።

ጠዋት ጠዋት ደህና ነው። ደንበኛ ሲበዛ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ዘፈን ባይኖርም ስፒከሩ እምምም ይላል። በካሴት ማጫወቻው ጊዜ እንዲህ አይልም ነበር። ትናንት ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጭራሽ አልነሳ አለ። ቀዩ መብራት ይበራል፣ አረንጓዴው ዝም። ልጁ ለፈተና ሄዷል፣ እኔ ግራ ገብቶኛል። ቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን?

ቢት ቆጣሪ

እህቴ፣ ተቃጥሏል ብለሽ እንዳትጥዪው። ቀይ በርቶ አረንጓዴ ዝም ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፓይው ሚሞሪውን ማንበብ አቅቶታል ማለት ነው። ሲስተሙ ሚሞሪው ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሎቹ ይበላሻሉ። ዘፈኖችሽ ዲስኩ ላይ ስለሆኑ በሚሞሪው ምክንያት የሚጠፋ ዘፈን የለም።

ሚሞሪውን ነቅለሽ ላፕቶፕ ላይ ሰኪው። ዊንዶውስ ከሆነ ትንሿን ክፍል ብቻ ያሳይሽና ሌላውን «ፎርማት ላድርገው?» ይልሻል። የፓይው ሲስተም፣ ሊኑክሱ፣ ያለበትን ክፍል ማንበብ ስለማይችል ነው እንጂ ይህ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። እምቢ በይው። ጭራሽ ካልታየ ግን ሚሞሪው ሞቷል።

ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር በሚባለው መጫኛ ፕሮግራም ሲስተሙን እንደገና ጫኚው። 64 ጊጋም አያስፈልግሽም፣ 16 ይበቃል። ከገበያ ስትገዢ 64 ተብሎ ውስጡ 8 የሆነ ሚሞሪ አለ፤ እስኪሞላ ድረስ ደህና ይመስላል። ኤፍ 3 የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሞልቶና መልሶ አንብቦ ይፈትሽልሻል።

ጋሽ ሽቦ

ልጄ፣ ሶፍትዌሩን ለልጆቹ ተይው። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ቻርጀሩ ላይ ስንት አምፔር ይላል? ኬብሉ ምን ያህል ይረዝማል? ዲቫይደሩ ላይስ ሌላ ምን ተሰክቷል?

የሂርማታዋ

ጋሼ፣ ቻርጀሩ የስልኬ ነው፣ 5 ቮልት 2 አምፔር ይላል። ኬብሉ ሁለት ሜትር ነው፣ ቀጭን። ዲቫይደሩ ላይ ፓይው፣ አምፕሊፋየሩ እና የቡናው ስቶቭ አሉ። ሌላ ሶኬት የለኝም።

ጋሽ ሽቦ

ደንበኛ ሲበዛ የሚቆራረጠው ለዚህ ነዋ! ስቶቩ ይለኮሳል።

ፓይ 3 የሚፈልገው 5.1 ቮልት፣ 2.5 አምፔር ነው። ያንቺ ቻርጀር መጀመሪያውኑ አይበቃውም። ሃርድ ዲስኩም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ቀጭን ረጅም ኬብል ደግሞ ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል። ቮልቱ ከ4.63 ሲወርድ ፓይው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቀዩም መብራት ይጠፋል። ስቶቩን ለኩሺና ቀዩን ዓይንሽን ሳትነቅይ እዪው።

ቢት ቆጣሪ

ጋሼ፣ በቻርጀሩ እስማማለሁ፣ በስቶቩ ግን አይመስለኝም። ቻርጀሮቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ይቀበላሉ። ስቶቭ ሲለኮስ የቤቱ ቮልት ትንሽ ቢወርድ ሊሰማቸው አይገባም።

ጋሽ ሽቦ

ልክ ነህ፣ ዲቫይደሩ ጤነኛ ከሆነ። የላላ ዲቫይደር ግን ውስጡ ይፈነጥቃል፣ ያን ጊዜ መውረድ ሳይሆን መቆራረጥ ነው። ልጄ፣ ሁሉንም አጥፊና ከግድግዳው ነቅለሽ የስቶቩን መሰኪያ ተመልከቺ።

ሙሉ ድምፅ

ለእምምም ድምፁ ቀላል መላ አለ። የአምፕሊፋየሩን ሦስተኛ እግር፣ አርዙን ማለቴ ነው፣ ቁረጪው። እኔ ቤት እንዲህ አድርጌ ወዲያው ጠፋልኝ።

ጋሽ ሽቦ

ወንድሜ፣ ይህን ምክር ለማንም አትስጥ። አምፕሊፋየሩ የብረት ሳጥን ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ ሲኒ ስታጥብ እጇ እርጥብ ነው። ውስጥ አንድ ሽቦ ሳጥኑን ቢነካ የሚያድናት ያ አርዝ ነው። አትቁረጪ!

ይልቅ እንዲህ ሞክሪ። ሚሞሪውን ካስተካከልሽ በኋላ ፓይውን ከቻርጀር ነቅለሽ በፓወር ባንክ አስነሺው። ዲስኩን አትሰኪ፣ ዘፈንም አያስፈልግም። እምምምታው ከጠፋ መነሻው ቻርጀሩ ነው። ከቻርጀሩ የምትፈስ ትንሽ ኮረንት በድምፅ ኬብሉ በኩል አድርጋ ወደ አምፕሊፋየሩ አርዝ ትሄዳለች፣ አንቺ እምምም ብላ ትሰሚያታለሽ። ካልጠፋ ግን አምፕሊፋየሩ ራሱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፣ ካፓሲተሮቹ ይታዩ።

የሂርማታዋ

ሦስት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። እየሞከርኩ ነበር።

መጀመሪያ ዲቫይደሩ። ጋሼ፣ የስቶቩ መሰኪያ አንዱ እግር እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል! ዲቫይደሩም ቀዳዳው ዙሪያ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጨማድዷል። በስተኋላ በኩል ስለሆነ አይቼው አላውቅም። ስንት ጊዜ «ምን ይሸታል?» እያልኩ በዕጣኑ ሳሳብብ ኖሬያለሁ። ጣልኩት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ ለስቶቩ የራሱ ሶኬት አስገባሁለት።

ሚሞሪው ላፕቶፑም ላይ አልታይ አለ። አዲስ 16 ጊጋ ገዛሁ፣ በኤፍ 3 ፈተሽኩት፣ እውነተኛ ነው። ልጁ በስልክ እየመራኝ ራሴ ጫንኩት፤ ቢዘገይም ተነሳ።

በፓወር ባንክ ሳስነሳው እምምምታው ጠፋ። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ግን ቀርቷል፣ ዘፈኑ ዝቅ ሲል ይሰማል። ደህና ቻርጀርም እየፈለግኩ ነው። ሁሉም የስልክ ነው የሚያሳዩኝ።

ሙሉ ድምፅ

ስለ አርዙ ጋሽ ሽቦ ልክ ናቸው፣ እኔም የቤቴን መልሼ አስገጠምኩ። ለማካካሻ፦ የመኪና ቴፕ ዕቃ የሚሸጡት ጋ ሂጂና ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር በይ። ከድምፅ ኬብሉ መሀል የሚገባ ትንሽ ሳጥን ነው። ውስጡ ትራንስፎርመር ስላለ ድምፁን ያሳልፋል፣ ያቺን የምትፈስ ኮረንት ግን መንገድ ይዘጋባታል።

ቢት ቆጣሪ

ሽሽሽታው ከፓይው ቀዳዳ ነው። እዚያ ላይ እውነተኛ ዳክ፣ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ምልክት የሚቀይር ቺፕ ማለት ነው፣ የለም፤ ድምፁ በፍጥነት እየበራና እየጠፋ በሚሄድ ምልክት ነው የሚሠራው። ለማስታወቂያ ይበቃል፣ ለአባትሽ ካሴቶች ግን ያሳዝናል።

እንደ ፒሲኤም 5102 ያለ የዳክ ቦርድ ጅማ ካጣሽ አትጨነቂ። ለአዳዲስ ስልኮች የሚሸጠው፣ ከታይፕ ሲ ወደ ጆሮ ማዳመጫ የሚቀይረው አጭር ገመድ ውስጡ ዳክ አለው። ከዩኤስቢ መቀየሪያ ጋር ፓይው ላይ ይሠራል። ነገር ግን አንዳንዱ ባዶ ሽቦ ነው፣ ቺፕ የለውም። ፓይሽን ይዘሽ ሂጂና እዚያው ሰክተሽ ግዢ። ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።

ከገዛሽ በኋላ ልጁ ኤምፒዲ ላይ የድምፅ መውጫውን በቁጥር ሳይሆን በስም ይጻፍልሽ። ፓይው ሲነሳ የድምፅ ካርዶቹ ቁጥር ሊለዋወጥ ይችላል። በቁጥር ከተጻፈ አንድ ቀን ጠዋት ያለምንም ምክንያት ዝም ይልብሻል። ድምፁ በጣም ዝቅ ካለም አልሳሚክሰር በሚባለው የድምፅ መጠን ማስተካከያ ውስጥ ከፍ አድርጊው፣ አንዳንዶቹ ገመዶች ዝቅ ብለው ነው የሚጀምሩት።

አሁን ሂሳብ። የአንድ ሰዓት ካሴት በዋቭ 600 ሜጋ ገደማ ነው። 140 ካሴት 84 ጊጋ መሆኑ ነው። ባለ 128 ጊጋ ፍላሽ ላይ ቁጭ ይላል። ሃርድ ዲስኩን ለመጠባበቂያ ቤት አስቀምጪውና በፍላሽ ተጠቀሚ። ፍላሽ የሚጠጣው በጣም ትንሽ ስለሆነ ቻርጀር ላይ የሚያስጨንቅሽ ግማሹ ይቀራል። ፍላክ ወደሚባለው የተጨመቀ ፋይል ብትቀይሪያቸው ደግሞ ግማሽ ገደማ ይሆናሉ፣ ከድምፁ አንድም ነገር ሳይቀነስ።

የሂርማታዋ

ፍላሹን አላሰብኩትም ነበር! ግን መብራቱ አሁንም ይሄዳል። ሚሞሪው እንደገና እንዳይበላሽብኝስ?

ቢት ቆጣሪ

ራስፒ ኮንፊግ በሚባለው የፓይው ማስተካከያ ውስጥ፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ሥር፣ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም የሚል አለ። ስታበሪው ሲስተሙ ሚሞሪው ላይ መጻፍ ያቆማል፣ የሚጽፈው ሁሉ ፓይው ሲጠፋ ባዶ በሚሆነው ራም ላይ ይሆናል። መብራት ቢሄድ የሚበላሽ ነገር የለም።

አንድ መዘዝ አለው። አዲስ ዘፈን ስትጨምሪ ኤምፒዲ የመዘገበው ዝርዝር ፓይው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ኦቨርሌዩን አጥፊ፣ ዘፈኑን ጨምሪ፣ አስመዝግቢ፣ መልሰሽ አብሪ። መጀመሪያ ሁሉንም አስተካክለሽ ጨርሺና ከዚያ ነው የምታበሪው እንጂ በመሀል አይደለም።

የሂርማታዋ

ከሳምንት በኋላ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ልጁ ከአዲስ አበባ ሲመለስ 2.5 አምፔር ቻርጀር ይዞልኝ መጣ፣ ገመዱ ከራሱ ጋር የተያያዘ ወፍራም። ፍላሽ፣ ታይፕ ሲ ገመድ፣ የመኪና ቴፕ ሻጮቹ ሳጥን፣ ሁሉም ገባ። የመጀመሪያው ታይፕ ሲ ገመድ ባዶ ሽቦ ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ስለሞከርኩ ወዲያው ቀየረልኝ። ሻጩ ስቋል።

ዛሬ ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ፣ ሁለቴም ራሱ ተነሳ። ስቶቩም ሲለኮስ ቀዩ መብራት ንቅንቅ አላለም። አሁን በካሴቶቹ መጀመሪያ ላይ አባቴ የመቅጃውን ቁልፍ ሲጫን ቀጭ የሚለው ሁሉ ይሰማል።

አንድ የቀረኝ፦ መብራት በመጣ ቁጥር የፓይው ሰዓት የተሳሳተ ነው። የእኛም አይደለም፣ የፈረንጁም አይደለም።

ቢት ቆጣሪ

ፓይ 3 በባትሪ የሚሠራ የራሱ ሰዓት የለውም። ኢንተርኔት ሲያገኝ ያስተካክላል፣ ካላገኘ ባለበት ይቀጥላል። ዘፈን ለማጫወት ምንም አይጎዳሽም። ጠዋት በሰዓቱ ራሱ እንዲጀምር ከፈለግሽ ግን ዲኤስ 3231 የምትባል ትንሽ የሰዓት ቦርድ ከነባትሪዋ ትገጠማለች።

የሂርማታዋ

ጠዋት የማስጀምረው እኔው ነኝ፣ ስቶቩን ስለኩስ። ይቅርብኝ።