ዓይነ ፊኛ ጎልድፊሽ ማራባት በሕግ ይከልከል?

ሰናይት፦ እዚህ ጀርመን የእንስሳት ጥበቃ ሕጉ አንቀጽ 11ለ እንስሳን ለሥቃይ የሚዳርግ ማዳቀልን ይከለክላል። ስለ ውሻ ሲወራ ሁሉም ይስማማል፣ ዓሣ ላይ ሲደርስ ዝም። ዓይነ ፊኛ ማራባትም ይቁም ባይ ነኝ። ሁለት ነበሩኝ። ከዓይናቸው ሥር ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተንጠልጥሎ፣ ጀርባቸው ላይ ክንፍ የሚባል ሳይኖር፣ ምግብ ስበትን ሌሎቹ ለቅመው ሲጨርሱ እነሱ ገና ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ የአንዱን ከረጢት ፊልተሩ መጦ ይዞታል። ፈነዳ።

ዳዊት፦ ሰኒ፣ አዝናለሁ፤ ግን መምጠጫው ላይ ስፖንጅ ቢኖር ይተርፍ ነበር። ቻይናዎች ጎልድፊሽ ማራባት ከጀመሩ ወደ 1,000 ዓመት ነው። የዱሩ ዘመዱ እኮ ደብዛዛ ነው፤ ብርቱካናማው ድንገት ወጣ፣ ሰው መርጦ አቆየው። ገበሬስ ኮርማ መርጦ አይደል የሚያስጠቃው?

ሰናይት፦ ገበሬ ቆሞ የማይሄድ ኮርማ አያስጠቃም! በቀለም ጠብ የለኝም። ባሉን ሞሊ የሚባለውን ድቡልቡል የጌጥ ዓሣ ግን እየው። ሁሉም «ሲያምር» የሚለው ድቡልቡል ሆድ የመጣው አከርካሪው አጥሮ ስለተጣመመ ነው።

ብሩክ፦ እኔ ጋፒ የምትባለዋን ትንሽ የጌጥ ዓሣ ነው የማራባው። የወንዱ ቀለም አብዛኛው በዋይ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ስለሚወርድ፣ ቆንጆ አባት ያገኘ ሰው እህትና ወንድም እያዳቀለ ይቀጥላል። ያኔ ተደብቆ የኖረው ጂን ይገናኛል። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ ከአራት ጫጩት በአማካይ አንዱ ላይ ይወጣል። እኔም ጋ ጀርባቸው የጎበጠ ወጡ። አንድ ገዢ «ልዩ ናቸው» ብሎ እጥፍ ልክፈል አለኝ። አልሸጥኩለትም፣ ያንን መስመርም አቆምኩት። እና ሕጉ ይውጣ፣ ግን ጎባጣ ፈላጊ ገዢ እስካለ ከሌላ አገር ይገባል።

ዳዊት፦ እሺ፣ ዓይነ ፊኛው ላይ ተረታሁ። ራንቹ የሚባለውን የጎልድፊሽ ዝርያ ግን አልሰጥም። የጀርባ ክንፍ የለውም፣ እንደ ልቡ ግን ይዋኛል፤ እኔ ጋ ስድስት ዓመቱ ነው። መስመሩን የት ነው የምታሰምሪው?

ሰናይት፦ ያያል? ከሌሎቹ እኩል ደርሶ ይበላል? ከሆነ ራንቹህን አልነካም። እስኪ ከሌሎቹ ጋር ስታበላው ቪዲዮ ቅረጽና ላክልኝ።