ለፈረስ ጋጣ የጎማ ምንጣፍ፦ የትኛውን ልግዛ?

የሱሉልታዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሱሉልታ ነው የምኖረው። ሁለት ፈረስ አለኝ፣ አንድ ዳማ ወንድና አንዲት ያረጀች ባዝራ። ጋጣቸው ድሮ አፈር ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ቦቴን ሲያስቀርብኝ መረረኝና ዘንድሮ ግንበኛ አምጥቼ ሁለቱንም በሲሚንቶ አስደፈንኩት። ልስልስ ያለ ሊሾ! የራሴ ሳሎን እንኳ እንደዚህ አያምርም። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ሲያደንቅልኝ ነበር።

ደስታው ወር አልቆየም። ዳማው ጋጣ ውስጥ አልሸናም አለ። እግሩ ላይ ስለሚረጭበት ነው መሰለኝ፣ ሌሊቱን ይዞት ያድርና ጠዋት ገና በሩን ስከፍት ደጅ ላይ ይለቀዋል። ባዝራዋ ደግሞ ከተኛችበት ስትነሳ ኋላ እግሯ እየከዳት ሁለት ጊዜ ወድቃብኛለች። አሁን ቋንጃዋ ላይ ፀጉሩ ተመልጦ ቆስሏል። ጭድ አነጥፋለሁ፣ ገሚሱን ጥግ ላይ ይከምሩታል፣ ገሚሱን ይበሉታል፣ ሲነጋ ሊሾው ባዶውን ነው።

ታዲያ አንድ ሰው የጎማ ምንጣፍ አንጥፊበት አለኝ። ስጠያይቅ አራት ዓይነት አገኘሁ። አንዱ ከውጭ የመጣ ጥቁር ወፍራም ነው፣ 1.83 በ1.22 ሜትር፣ ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር፤ ዋጋውን ሲነግሩኝ እሺ አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሁለተኛው ለወተት ላሞች የሚነጠፈው ነው፣ ለስለስና ቀለል ይላል። ሦስተኛው ጂም ቤትና የልጆች መጫወቻ ላይ የምታዩት፣ ከተፈጨ ጎማ ተጣብቆ የተሠራው። አራተኛው መርካቶ ያየሁት ነው፣ ከድንጋይ መፍጫ የወጣ አሮጌ ማጓጓዣ ቀበቶ፣ በሜትር ይቆርጡልሻል፣ ከሁሉም እሱ ነው የረከሰው። አንዱ ጋጣ 3.60 በ3.60 ነው። ብሬ አንዴ ከወጣ ሌላ የለኝም፣ የምታውቁ ንገሩኝ።

የድሮ ባለጋሪ

እህቴ፣ አትቀየሚኝና ጥፋቱ ሊሾው ነው። ለፈረስ ሊሾ ማን ያስደርጋል? እኔ ቢሾፍቱ ላይ ለብዙ ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ፣ አባቴም ከኔ በፊት ነድቷል፣ አንድ ቀን ሲሚንቶ ላይ የተኛ ፈረስ አልነበረንም። ፈረስ መሬት ነው የለመደው። ጭቃ አስቸገረኝ ካልሽ ጭቃውን ቆርጠሽ አውጪና ገረጋንቲ ሙዪበት፣ በደንብ ጠቅጥቂው፣ ላዩን ቀይ አሸዋ ጣል አርጊበት፣ ከዚያ ጭድ። ሽንቱ ወደ ታች ይሰርጋል፣ እግሩም አይንሸራተት። ዙሪያውን ደግሞ ቦይ ቅደጂለት፣ ጭቃው የሚመጣው ከጣራው ከሚወርደው ውሃ ነው እንጂ ከፈረሱ አይደለም። ጎማ ምናምን የሚሉት የነጋዴ ጨዋታ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ

መጀመሪያ ስለ ቁስሉ። ቋንጃ ላይ እንደዚህ የሚመለጠው ጠንካራ ወለል ላይ ስትተኛና ስትነሳ እየተፋቀ ነው። በንጹሕ ውሃ ጨው ጨምረሽ እጠቢው፣ ደረቅ አድርገሽ ያዢው። ካበጠ ወይም እግሯን ካነከሰች ግን ሐኪም ይያት፣ እዚያ አካባቢ መገጣጠሚያ ስላለ ቀልድ የለውም።

ፈረስ ቆሞ ይተኛል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ቆሞ ያንቀላፋል። ከባዱን እንቅልፍ ግን ቆሞ አይተኛውም፣ ለእሱ የግድ በጎኑ ወይም በደረቱ መጋደም አለበት፣ ቢያንስ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል። መሬቱ የሚያንሸራትት ከሆነ ለመነሳት ይፈራና መተኛቱን ይተወዋል። ባዝራሽ እስካሁን መተኛቷ ራሱ ደግ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከወደቀች በኋላ ብትተወው አይፈረድባትም ነበር። ዳማውም ሽንት የያዘው አንቺ ባልሽው ምክንያት ነው፣ ፈረስ እግሩ ላይ የሚረጭ ቦታ አይወድም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። ጋጣው ሲሸት አመድ ወይም ኖራ መበተን ልማድ ነው። አታድርጊው። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያ ሲፈርስ አሞኒያ ይሆናል፣ አመድና ኖራ ደግሞ ያንን አሞኒያ ከእርጥበቱ ውስጥ እያስወጡ ወደ አየር ይለቁታል። ኖራው ቆዳም ያቃጥላል። ከዚያ የባሰው በረኪና ነው፤ ሽንት ባለበት ወለል ላይ በረኪና ከደፋሽ የሚወጣው ጋዝ ለሳንባ መርዝ ነው፣ ለእሷም ለአንቺም። መጀመሪያ በውሃና በሳሙና አጥበሽ ጨርሺ። ሽታ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ቆመሽ አታሽትቺ፣ ቁጢጥ በይ። የተኛ ፈረስ አፍንጫ እዚያ ነው ያለው።

ባልደራስ

ሰላም። ባልደራስ ያልኩት ሥራውን ነው፣ ኮንዶሚኒየሙን አይደለም 😄 ኤሚሬትስ ውስጥ የፈረስ ጋጣ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ሳይስ ነው የሚሉን። በቀን ስንት ጊዜ ምንጣፍ አንስቼ እንዳጠብኩ እኔና ወገቤ ነን የምናውቀው፣ ስለዚህ ትንሽ ላውራ።

የድሮ ባለጋሪን ልቃወም ነበር ያሰብኩት፣ ግን ግማሹን ልክ ነው ያለው። ምንጣፍ መጥፎ ወለል አያድንም። ከሥር ያለው ካልተስተካከለ ገንዘብሽን ሽንት ላይ ነው የምታነጥፊው። ትልቅ ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 15 ሊትር ይሸናል፣ ያ ሁሉ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ ወይ ወደ ቦይ፣ ወይ ምንጣፉ ሥር። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ጋጣውን ባዶ አድርጊና አንድ ባልዲ ውሃ ድፊበት። ወደ በሩ ወይም ወደ ቦዩ ከሄደ ጥሩ። መሃል ላይ ከተኛ ግንበኛሽ ተዳፋት አልሰጠውም ማለት ነው። ለአንድ ሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ እንደቆመ ይሆናል።

አራቱን ልምጣበት። የተፈጨውን ጎማ እርሺው። ጂም ውስጥ ቆንጆ ነው፣ ጂም ውስጥ ማንም አይሸናም። ፍርፋሪ በማጣበቂያ የተያዘ ስለሆነ ቀዳዳ አለው፣ ሽንት ይጠጣል፣ ዓመት ሳይሞላ ከዳር ዳር መፈርፈር ይጀምራል፣ ሽታውን ደግሞ በምንም አታስለቅቂውም። ከፍርፋሪ ሆኖ በሙቀትና በግፊት እንደ አንድ ጠጣር ጎማ የወጣ አለ፣ እሱ ሌላ ነው። ለመለየት ጠርዙን እዪ። ፍርፋሪው እየታየሽ በጥፍርሽ ከተነሳ አትግዢ። ማዕዘኑን አጥፊው፣ ከተሰነጠቀ አትግዢ። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ እሺው፣ ጨርቁ ከሰል ከመሰለ እሱንም ተዪው።

የላሞቹ ለላም ነው። ላም አንድ ቦታ ተኝታ ታመሰኳለች። ፈረስ ግን ይዞራል፣ በኮቴው ይጭራል፣ በተለይ መኖ ሊመጣ ሲል። ለስላሳው ዓይነት ውስጡ ስፖንጅ መሳይ ስለሆነ ኮቴ ቶሎ ይበሳዋል፣ ከተበሳ በኋላ ሽንት ሲመጥ ይኖራል። ላሞቹ ሥር የሚነጠፍ ጠጣርና ወፍራም ካገኘሽ ግን ስሙ የላም ነው ብለሽ አትለፊው።

ያ ውዱ፣ ስልክ ያዘጋሽ፣ ትክክለኛው ዕቃ እሱ ነው። 19 ሚሊ ሜትሩ አንዱ ወደ 45 ኪሎ ይመዝናል፣ ክብደቱ ራሱ ነው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው። ስድስቱ ሲደረደሩ 3.66 በ3.66 ይሆናሉ፣ አንቺ 3.60 ስለሆንሽ ከርዝመቱም ከወርዱም 6 ሳንቲ ሜትር ቆርጠሽ መጣል ነው። ኧረ ትንሽ ጨምረሽ ቁረጪ፣ ጎማ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ግድግዳው ላይ ድፍን አድርገሽ ካስገባሽው በጋ ላይ መሃሉ ይነሳብሻል። ሲቆረጥ ከሥሩ ጣውላ አድርጊና መስመሩ አፉን እንዲከፍት አጠፍ አድርገሽ ያዢው፣ ካተሩን ሳሙና ውሃ እያስነካሽ አራት አምስት ጊዜ መላልሺበት። በአንዴ በጥሼ እጥላለሁ ያለ ጣቱን ነው የሚቆርጠው፣ እኔ ምልክቱ አለኝ።

አራተኛውን፣ ቀበቶውን፣ ለሌላ ሰው ልተወው፣ ሞክሬው አላውቅም።

ጎማ ተራ ያደግኩ

ቀበቶውን እኔ ሞክሬዋለሁ። ሆለታ አካባቢ አጎቴ ጋር አንጥፈናል። መጥፎ አይደለም ግን ሁለት ነገር አለው። አንዱ፣ ውስጡ ጨርቅ ያለውና ሽቦ ያለው ዓይነት አለ። ነጋዴው ሁሉም አንድ ነው ይልሻል። አንድ አይደለም። ሽቦ ያለው ከቆይታ በኋላ ጠርዙ ላይ ሽቦው ይወጣል፣ እሱ ደግሞ የፈረስ ኮቴ ሥር ከገባ ገንዘብ ቆጠብኩ ያልሽው ሁሉ ለሐኪም ነው የሚሄደው። ስትሄጂ ማግኔት ይዘሽ ሂጂ። ከስፒከር የወጣም ይሆናል፣ ከያዘ ጥለሽ ውጪ። (በርባሶ የሚሠሩትን ብትጠይቂ ሽቦ ያለውን ጎማ በዓይናቸው ብቻ ይለዩታል፣ አንድ ይዘሽ ብትሄጂ ጥሩ ነበር።)

ሁለተኛው፣ ላዩ ልሙጥ ነው። ሲረጥብ ከሊሾሽ ብዙም አይሻልም። እኛ በካተር ልጅ ሲሞነጭር የሚመስል መስመር አወጣንበት፣ ትንሽ ረዳ። ተጠቅልሎ ስለኖረ ደግሞ ጫፉ ሽቅብ ይላል፣ ፀሐይ ላይ ገልብጠን ድንጋይ ጭነንበት ነው የተኛልን። ለመተላለፊያና ለገንዳው ፊት ጥሩ ነው። ለአሮጊት ባዝራ መኝታ ግን እኔ አላደርገውም።

የሱሉልታዋ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ባልዲውን ሄጄ ደፋሁ። መሃል ላይ ተኛ 🤦🏾‍♀️ እስከ ማታ እዚያው ነበር።

አንድ ነገር ግን፦ ምንጣፉን ካነጠፍኩ ጭዱ ይቀርልኛል አይደል? ዘንድሮ የጤፍ ጭድ ዋጋ አይቻልም።

ባልደራስ

አይቀርም። ሻጮቹ ይቀራል ይላሉ፣ እነሱ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት። ጎማው ቅዝቃዜውንና ጥንካሬውን ይቀንሳል እንጂ ሽንት አይመጥም፣ ላዩ ላይ ይቆማል። ዳማውም እንደገና ይረጭብኛል ብሎ ይይዘዋል። የሚቀንሰው መጠኑ ነው፣ በፊት በቁልል የምታነጥፊውን አሁን ስስ አድርገሽ፣ የምትሸናበት ቦታ ላይ ብቻ ጠቅጠቅ አርገሽ። የጤፍ ጭድ ደግሞ ለፈረስ ራት ነው፣ ሲበላው ቢያድር አትፍረጂበት። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አምጪ። ግን ንጹሕ ጣውላ ከሚሠሩት ይሁን፣ ኤምዲኤፍና ቺፑድ የሚቆርጡበት ውስጡ ማጣበቂያ አለው። በጣም ደቃቅ ከሆነም ይቅርብሽ፣ ያስላቸዋል።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ

ጭድ ሲቀንስ ሰው ማጽዳትም ይቀንሳል፣ እሱ ነው የኔ ስጋት። ፍግና ሽንት ላይ የቆመ ኮቴ ውስጡ ይበሰብሳል፣ ጥቁር ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ሽታው አይነገርም። ጎማ ላይ ደግሞ ንጹሕ ስለሚመስል ያታልላል። ኮቴያቸውን በየቀኑ ገልብጠሽ ጥረጊ። ምንጣፉንም አልፎ አልፎ አንስተሽ ሥሩን እጠቢ፣ 45 ኪሎ ነው ተብለሻል፣ ጎረምሳ ጥሪ።

የድሮ ባለጋሪ

አየሽ? ማንሳት፣ ማጠብ፣ መቁረጥ፣ ማግኔት። ገረጋንቲ ማግኔት አይፈልግም።

የሱሉልታዋ

ጋሼ እርስዎም አሸንፈዋል፣ ግማሹን 😄 እንዲህ ወሰንኩ። ለሁለቱም ስድስት ስድስት ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። የባዝራዋን ጋጣ ሊሾውን በመሮ አሻክሬ፣ ወደ በሩ ተዳፋት እንዲኖረው ላዩን አስለስኜ፣ ውዱን ስድስቱን አነጥፍላታለሁ። ቁስሉ እስኪድን እንኳ ይሁንላት፣ ዕድሜዋም ነው። የዳማውን አስፈርሼ እርስዎ እንዳሉት በገረጋንቲ እሞላዋለሁ። ቀበቶውን ትንሽ ቆርጬ መኖ ገንዳው ፊት፣ ማግኔቱን ከወንድሜ ስፒከር ላይ ነቅያለሁ (እሱ ገና አላወቀም)።

ግንበኛውን ደውዬ ነበር። ለመሥራት ካስከፈለኝ በላይ ለማፍረስ ጠየቀኝ። ልከራከረው ስል «ጠንካራ አርጊው ያልሽኝ አንቺ» አለኝ፣ ምን ልበል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ አዲሱ ምንጣፍ ሱቁ ውስጥ ራሱ ጎማ ጎማ ይሸታል። ስንት ቀን ፀሐይ ላይ ላስጣው?

ባልደራስ

በነሐሴ ሱሉልታ ፀሐይ ከየት ልታመጪ ነው? ጣራ ሥር ግድግዳ ላይ አስደግፊውና ንፋስ ይምታው፣ በሳሙና ውሃም አንዴ እጠቢው። ሳምንት ይበቃዋል። መሬት ላይ ደራርበሽ እንዳትተዪው፣ ከሥር ያለው አይናፈስም።