ለደብረ ብርሃን ብርድ የትኛው ማሞቂያ ይሻላል? ቦይለር፣ ቡታ ጋዝ፣ ሶላር ወይስ ምድጃ

የአክስቴ ልጅ ለንደን ነው የሚኖረው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠባሴ አካባቢ ቤት እያሠራ ነው። በቀደም ደውሎ "እዚህ እንዳለው ቤቱን በሙሉ በጋዝ ቦይለር ላሙቀው" አለኝ። እዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ሳጥን ይሰቀላል። ጋዙ ከመንገድ በቧንቧ ይገባል። ሳጥኑ ውሃ አሙቆ በየክፍሉ ባሉ ራዲያተሮች ያዞረዋል። የሻወሩም ውሃ የሚመጣው ከዚያው ነው። ልጁ ይህን ያሰበው ለእናቱ ብሎ ነው። አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ብርዱ ጉልበታቸው ላይ ነው የሚያርፈው። "አጣርተህ ንገረኝ" ስላለኝ ሦስት ሳምንት ሱቅ ለሱቅ ስጠይቅ ከረምኩ። ያገኘሁትን ለሁላችሁም ልጻፈው። አንኮበርም መሐል ሜዳም ያለ ሰው ብርዱ ያው ነው።

የእሱን ሐሳብ ላስቀድም። እኛ ጋ ወደ ቤት የሚገባ የጋዝ መስመር የለም። ያለን በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታ ጋዝ ነው። ቤት የሚያሞቅ የተለመደ ቦይለር 24 ኪሎዋት ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ ሲነድ ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ ቦይለሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ሁለት ኪሎ ገደማ ይበላል። 12.5 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር ሰባት ሰዓት አይሞላም። እርግጥ ቀኑን ሙሉ እንዲያ አይነድም። ቢሆንም ጋዝ ጠፋ በተባለ ቁጥር አክስቴ ሲሊንደር ፍለጋ ሰው ሊልኩ ነው። ለዚያ ዓይነት ቦይለር የሚሆን መለዋወጫ እዚህ ከተማ ጠይቄ አላገኘሁም። የሚጠግን ባለሙያም አላገኘሁም። "ተወው" አልኩት።

ከፍታውም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ለቆላ አገር ተስተካክሎ የመጣ የጋዝ ማንደጃ እዚህ ሲደርስ አየር ያንሰዋል። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ይሆናል። ድስት ያጠቁራል። ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የጋዝ ምድጃችሁ እሳት ቢጫ ከሆነ አየር ማስገቢያውን አስተካክሉ፤ ነገ አትበሉ።

አምና እኔም ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ የቡታ ጋዝ ሂተር ገዝቼ ነበር። ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ሻጩ "ሲሊንደሩ ነው" አለኝ፤ ቀየርኩ፤ ያው ነው። በኋላ ነው የገባኝ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሂተሮች ኦክስጅን ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው። በእኛ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ መቆጣጠሪያው ክፍሉ የታፈነ ይመስለዋል። አንድ ጠጋኝ "ቆርጬ ቀጥታ ላድርግልህ" ብሎኝ ነበር። በፍጹም እንዳታስነኩት! ሰው ተኝቶ እንዳይቀር የሚጠብቀው እሱ ነው። ደግሞ አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ክፍሉ ውስጥ ይለቃል። መስኮቱ ያልበዋል፣ ግድግዳው ይሻግታል። ቡታ ጋዝን ለወጥ ቤት እመክራለሁ፤ ለመኝታ ቤት አልመክርም።

ከሰልንም እንዲሁ። ባለፈው ኅዳር እናቴ ማንደጃውን አስገብታ በሩን ዘጋች። ማታ ራሷን አዞራት፤ ተነሥታ በሩን መክፈት አቃታት። የደረስኩት በአጋጣሚ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሁለቱን ነገር ለዩት። የሞቀ ውሃ አንድ ጉዳይ ነው፤ የሞቀ ክፍል ሌላ ጉዳይ ነው።

ለውሃው አንደኛ ምርጫዬ ሶላር ነው። "በዚህ ብርድ?" ትሉኝ ይሆናል። ግን ልብ በሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር አመዳይ ሣሩን የሚያነጣው ሌሊት ሰማዩ ስለሚጠራ ነው። ደመና ከሌለ የምድሩ ሙቀት ሽቅብ ይበናል። ያው ጥርት ያለ ሰማይ ቀን ላይ ፀሐይ ይሰጠናል። ብርዱ የሚጠናበት ወራት ፀሐይም የሚበረታበት ወራት ነው። ስትገዙ ባለ መስታወት ቱቦውን ምረጡ፤ ቱቦው ቫክዩም ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። ጠፍጣፋው ዓይነት ውስጡ ንጹሕ ውሃ የሚዞርበት ከሆነ በውርጭ ሌሊት በረዶ ሠርቶ ሊፈነዳ ይችላል። ቧንቧውን በስፖንጅ አስጠቅልሉት። ሮቶው ከሶላሩ ታንከር ከፍ ብሎ መቀመጡንም አረጋግጡ፤ ዝቅ ካለ ውሃው በራሱ አይወጣም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሶላር ብቻውን አይበቃም፤ በመብራት የሚሠራ ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ያለው ይሁን።

ሁለተኛው በመብራት የሚሠራው ባለ ታንከር ቦይለር ነው። ለሦስት አራት ሰው 50 ሊትር ይበቃል። ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ 12 ዲግሪ ቢሆን እስከ 55 ለማድረስ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በ1,500 ዋት ሬዚስታንስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ማለት ነው። ጠዋት ለመታጠብ ሌሊቱን ሙሉ ማብራት አያስፈልግም። አሪስተንም ይሁን ሌላ ስትገዙ ሻጩን "የዚህን ሬዚስታንስና ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) መለዋወጫ አሳየኝ" በሉት። መደርደሪያው ላይ ካለው ግዙት። ከሌለው ሌላ ሱቅ ሂዱ። ከመርካቶ ረከስ ብሎ የተገዛ ቦይለር ለአንድ ቴርሞስታት 130 ኪሎሜትር ያስመልሳችኋል። በየሁለት ዓመቱ ውስጡ ያለውን የማግኒዥየም ዘንግ አስቀይሩ፤ ታንከሩን ከዝገት የሚያድነው እሱ ነው።

ያለ ታንከር ወዲያው የሚያሞቀውን የሻወር ራስ ግን እዚህ አልወደውም። 5,500 ዋቱ 25 አምፔር ይጎትታል። እኛ ቤት የገጠመው ሰው በተራ የሶኬት ሽቦ ቀጠለው። በሳምንቱ ሽቦው ቀለጠ። ገመዱ በትክክል ቢዘረጋ እንኳ የእኛን ውሃ 25 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ በደቂቃ ሦስት ሊትር ብቻ ነው የሚያልፈው። አዳማ ላይ ደስ የሚያሰኝ ሻወር እዚህ ክር ይሆናል።

ወደ ክፍሉ ልምጣ። ዘይት ያለው የመብራት ሂተር ንጹሕ ነው፤ እሳት የለውም፤ ለታመመ ሰው ጥሩ ነው። ግን መብራት ሲዳከም አብሮ ይዳከማል። 220 ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ ሙቀቱ በሲሶ ይቀንሳል። ሁለት ሺህ ዋት ብላችሁ የገዛችሁት 1,340 ይሆናል። ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ የሚሆነው ይኸው ነው።

እኔ በመጨረሻ የረካሁት ብረታ ብረት ቤት በላሜራ ባስበየድኩት ምድጃ ነው። በሩ ግጥም ይላል። ጭሱ በቱቦ ጣሪያውን አልፎ ይወጣል። የደረቀ ባሕር ዛፍም ኩበትም ይነድበታል፤ ማታ ሁለት ሦስት ፍልጥ ይበቃል። ስታሠሩ ሦስት ነገር አትርሱ። ቱቦው ከጣሪያው ጫፍ በላይ ይውጣ፤ አለበለዚያ ነፋስ ጭሱን ይመልሰዋል። በኮርኒሱ በሚያልፍበት ዙሪያውን ቺፕውዱ ተቆርጦ በላሜራ ይተካ። ለእሳቱም ከውጭ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይኑር። በየወሩ ጥላሸቱን ማስጠረግ አለባችሁ። ሕፃን ያለበት ቤት ዙሪያውን አጥር ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጣሪያውን እዩት። ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ የምታነዱት ሁሉ ሽቅብ ነው የሚሄደው። ኮርኒስ አስመቱ፣ በሩ ሥር ያለውን ክፍተት ድፈኑ። የመንዝ የድንጋይ ቤቶች ወፍራም ግድግዳ ያለ ምክንያት አይደለም። ለአልጋ ደግሞ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ፈልጉ። እናቴ ያላት ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ከውጭ የመጡት ስስ ብርድ ልብሶች ሁለት ተደርበው አይተካከሉትም። ገበያ ላይ ስትገዙ ጠረን አሽትቱ፤ ንጹሕ ጠጉር የበግ ጠረን አለው።

ለአክስቴ ቤት የተስማማነው ይህ ነው። ጣሪያው ላይ ሶላር ከነሬዚስታንሱ። ሳሎን ውስጥ ምድጃ። መኝታ ቤታቸው ውስጥ አንድ ዘይት ያለው ሂተር፣ ለብቻው ብሬከርና ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተዘርግቶለት። ቡታ ጋዙ ወጥ ቤት፣ ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ውርጭ በጣለበት ጠዋት ሲሊንደሩ ውጭ ሆኖ እሳቱ ቢደክም አልቋል ብላችሁ አትመልሱት። ውስጡ ያለው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ይቸግረዋል። ፀሐይ ትንሽ ስትወጣ ይስተካከላል። ሙቅ ውሃም እሳትም እንዳታስጠጉት።

ኤሌክትሪሽያኑ ቅዳሜ ሽቦውን ሊዘረጋ ይመጣል። መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ያላችሁ፣ ላሜራ ምድጃ ጎበዝ አድርጎ የሚበይድ የምታውቁ ከሆነ ጠቁሙኝ። የአክስቴ ታላቅ እህት እዚያ ናቸው፤ ለእሳቸውም ከጥቅምት በፊት ማሠራት እፈልጋለሁ።